የአቶ አማካይ ጣት

ቀናተኛ ሰው ነኝ። የንስሐ አባቴ ያውቃሉ፤ ባለቤቴ ሀብትነሽ ታውቃለች፤ አሁን ደግሞ እናንተም ዕወቁት። በሚስቱ የሚቀና አለ፣ በጎረቤቱ በሬ የሚቀና አለ። እኔ የቀናሁት በአንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅና ጭራሽ በሌለ ሰው ነው። የሌለውን ሰው ቆይቼ አስተዋውቃችኋለሁ።

ነገሩ የሆነው በ1979 ዓ.ም. ነው፣ መተማ መንገድ ላይ ካለችው ከኮኪት ወጣ ብላ በነበረች አንዲት የካላዛር ክሊኒክ። ሁለት ረጃጅም የቆርቆሮ ክፍሎች፣ አንድ ጠባብ መድኃኒት ቤትና አንድ ትልቅ ዋርካ ነበረን። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋ የሚወርዱት፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች እርሻ ውስጥ መሬት ላይ ይተኛሉ፤ የአሸዋ ዝንብ ይነክሳቸዋል። ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎ፣ ክንዳቸው እንጨት አክሎ፣ ጣፊያቸው አብጦ ሆዳቸውን ሞልቶ ወደኛ ይመጣሉ። ሠላሳ ቀን መርፌ እንወጋቸዋለን። አብዛኛው ይድናል፤ የማይድንም አለ።

እኔ ድሬሰር ነበርኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ጣፊያ መለካት ደግሞ ለእኔ የተሰጠ ጸጋ ነው ብዬ አምን ነበር። በሽተኛውን በጀርባው አስተኛዋለሁ፤ ከግራ የጎድን አጥንቱ ሥር ጀምሬ ጣቶቼን እየደረደርኩ ጣፊያው እስከሚያልቅበት እቆጥራለሁ። ስድስት ጣት፣ ስምንት ጣት፣ አሥር ጣት። ከዚያ መዝገብ ላይ እጽፈዋለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው በዚህ እጄ ሥር አልፏል። ማን እንደዳነ፣ ማን በስንተኛው ቀን እንደሞተ፣ ሁሉም በእኔ ጽሕፈት ተጽፏል።

ዶክተር ቸሩ በወር አንድ ቀን፣ በሃያ ሦስት፣ ከጎንደር ይመጣል። እኩያዬ ነው። ከመኪና ሲወርድ የመጀመሪያ ቃሉ «አምባው የት አለ?» ነበር። ያችን ቃል ወር ሙሉ እጠብቃታለሁ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ፣ እጄን በፎጣ እየጠረግሁ ቀስ ብዬ እወጣለሁ።

ሌላም ክብር ነበረኝ። የከፋበትና ደም የሚያስፈልገው በሽተኛ ወደ ጎንደር ይላካል፤ መኪናዋ ግን አራት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበረ ከወታደር አጀብ ጋር ካልሆነ አትንቀሳቀስም፤ አጀቡ ሲመጣ ትመጣለች፣ ሲመለስ ትመለሳለች። አራቱን የምመርጠው እኔ ነበርኩ። በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ዳብሼ።

ባየሽ በሰኔ መጣች። ጤና ረዳት ናት፣ ጎንደር ከዶክተሩ ዘንድ የተማረች። ፈጣን ናት፤ መርፌዋ አያሳምምም፤ ሂሳብ በልቧ ትሠራለች። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ እንቢ ይለኛል። የቀኙን ክፍል እሷ ያዘች፣ የግራውን እኔ። በሽተኞቹ «የሴቲቱ እጅ ቀላል ነው» ሲሉ ስሰማ አንጀቴ ይቃጠል ነበር። ሀብትነሽ ነገሩ ገብቷት «በልጅህ ዕድሜ ባለች ትቀናለህ?» ትለኝ ነበር፣ እየሳቀች። ልጅ ቢኖረንማ ኖሮ በእሷም ሳልቀና አልቀርም።

መስከረም ሃያ ሦስት ዶክተሩ ከመኪና ወረደና ዙሪያውን አይቶ «ባየሽ የት አለች?» አለ።

እኔ እኮ ዋርካው ሥር ቆሜያለሁ። ፎጣዬን ይዤ።

ዶክተሩ ውጭ አገር ለኮርስ ሄዶ ስድስት ወር ቆይቶ መመለሱ ነበር። የእኔን መዝገብ ገልብጦ ወስዶ ኖሯል። እዚያ ኮምፒውተር ለሚባለው ማሽን አስነብቦት፣ ማሽኑ ደግሞ ግራና ቀኙ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ረጅም ወረቀት አትሞ ሰጥቶታል። ዕድሜ ይህን ያህል ይጎዳል፣ ትኩሳቱ የቆየበት ሳምንት ይህን ያህል፣ የጣፊያው ጣት ይህን ያህል። ተደምሮ፣ ከአንድ ሠንጠረዥ ጋር ተገናዝቦ፣ ሰውየው እስከ ሠላሳኛው ቀን የመቆየት ዕድሉ ከመቶ ስንት እንደሆነ ይታወቃል። ከእንግዲህ ወደ ጎንደር የሚላኩት አራቱ በዚህ ነው የሚመረጡት አለ። ስሌቱንም ባየሽ ትይዘዋለች አለ።

አራት ዓመት የጻፍኩት መዝገብ ነው። ወረቀቱ ላይ ስሜን ፈለግሁት፣ የለም። ዶክተሩ ለእሷ ማስረዳቱን ሲቀጥል እኔ «መርፌ ልቀቅል» ብዬ ተነሥቼ ሄድኩ። የሚቀቀል መርፌ አልነበረም። ባዶ ውኃ ሳፈላ ቆየሁ።

በጥቅምት ወር ግን ወረቀቱን ከመሳቢያዋ እያወጣሁ ብቻዬን አጠናሁት። ሦስት ማባዛት፣ አንድ መደመር፤ ይኸው ነው። ሠራሁት፣ ደገምኩት፣ ከደስታዬ የተነሣ ምሳ አልበላሁም። ሃያ ሦስት ደረሰና ዶክተሩ መጣ፤ በሽተኞቹ፣ ጥበቃውና ሹፌሩ ዓሊ ዋርካው ሥር በተሰበሰቡበት ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ዶክተር፣ በዚህ በኮምፒውተሩ ሂሳብ እኔ ራሴን አስልቼ ነበር። ዕድሜ አርባ አራት፣ ትኩሳት የለም፣ ጣፊያ የለም። እስከ ሠላሳ ቀን የመቆየት ዕድሌ ከመቶ ሁለት ነው ይላል። እናንተ ለቀብሬ ሳትደርሱ ቀርታችኋል ማለት ነው።»

በሽተኞቹ ሳቁ። ዓሊ ጀለቢያውን ሰብስቦ እስኪያስለው ሳቀ። ባየሽ አልሳቀችም። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ አየችውና ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሽ አምባው፣ አንቱ አልቀነሱም እኮ» አለች።

«ምኑን?»

«አማካዩን። ማሽኑ ከመቁጠሩ በፊት ከእያንዳንዱ ሰው ላይ አማካዩን ይቀንሳል። በአንቱ መዝገብ ላይ ያሉት ሰዎች ዕድሜያቸው ተደምሮ ሲካፈል ሃያ ስድስት ይመጣል። አንቱ አርባ አራት ነዎት። ማሽኑ የሚያየው አርባ አራቱን አይደለም፣ ትርፉን አሥራ ስምንቱን ነው። ጣፊያም እንደዚያው ነው፤ አማካዩ ስምንት ጣት ነው። ዘጠኝ ጣት የሆነ ሰው ለማሽኑ አንድ ነው። ሰባት ጣት የሆነ ከዜሮ በታች ነው።»

«ታዲያ ዜሮው ማን ነው?»

«መካከል ላይ ያለው ሰው ነዋ። ዕድሜው ዜሮ፣ ጣፊያውም ዜሮ የሆነ በሽተኛ የለም፤ ስለዚህ መቁጠር የሚጀመረው ከመካከል ነው። ሠንጠረዡ የዚያ የመካከሉ ሰው ነው፤ እሱ ከመቶ ሰማንያ አምስት ዕድል አለው። ሌላው ሰው ከእሱ በምን ያህል ይብሳል፣ በምን ያህል ይሻላል ነው ጥያቄው። አንቱ ሙሉውን ከደመሩትማ ሁሉም ሰው ይሞታል።»

ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ወረቀቱን አነበበ። የመካከሉ ሰው ዕድሜው ሃያ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ነው፤ ትኩሳት ከያዘው ዘጠኝ ሳምንት ከሁለት ቀን ሆኖታል፤ ጣፊያው ስምንት ጣት ነው፤ ከመቶ ሰባት እጁ ደግሞ ሴት ነው።

«ይህስ አገሩ የት ነው? እኔ እስካሁን አልጫንኩትም» አለ ዓሊ። በዚያው ዕለት አቶ አማካይ የሚል ስም አወጡለት። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ በገባ ቁጥር «ከአቶ አማካይ ይብሳል፣ ይሻላል?» መባባል ሆነ። እኔን የሚጠይቀኝ ጠፋ። ይኸው፣ በሌለ ሰው ቀናሁ ያልኳችሁ እሱን ነው። ያን ዕለት የሳቁትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፤ አሁን ድረስ ልቆጥራቸው እችላለሁ።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ሁለት የአንድ መንደር ልጆች ከበለሳ መጡ፣ ሸጋውና ፈረደ። ዕድሜያቸው እኩል፣ ትኩሳቱም የያዛቸው በአንድ ሳምንት። ሸጋው እኔ ክፍል ተኛ፣ ፈረደ ቦታ ጠፍቶ ባየሽ ክፍል ተኛ። ሸጋውን ለካሁት፤ ዘጠኝ ጣት። ይህ ልጅ ከመታመሙ በፊት አጫዋች እንደነበር ያስታውቃል። መርፌ ስወጋው «ሐኪም፣ እጅዎ ከበድ ይላል፤ ግን የወጉት አይረሳም» ይለኝ ነበር። ወደድኩት። ከሁሉም በላይ፣ እኔ ፊት ስለ ሴቲቱ እጅ አላወራም።

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን ከእኔ ክፍል አንድ አልጋ ተለቀቀና ፈረደ ከባልንጀራው ጎን ልተኛ ብሎ ለመነ። አዛወርነው። እኔ ወደ ክፍሌ የገባ ሰው ሳልዳብስ አላድርም፤ አስተኝቼ ለካሁት። ስምንት ጣት። ካርዱን ሳየው ባየሽ ከሁለት ቀን በፊት አሥር ብላ ጽፋለች። በሁለት ቀን ጣፊያ ሁለት ጣት አይቀንስም። ደግሜ ለካሁ። ስምንት። እንደ ልማዴ በካርዱ ጀርባ ላይ «ኅዳር 11፣ ጣፊያ 8» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ።

መጀመሪያ የመሰለኝ ተሳሳተች ነው። ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትር ስታቀብለኝ ግን እጇን አየሁት። ቀጫጭን፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠኑ ጣቶች። የእኔ ደግሞ የሀብትነሽ ቀለበት በትንሿ ጣቴ ጫፍ ላይ እንኳ የማይገባልኝ፣ ድንጋይ ሲያነሡ ያደጉ ጣቶች። እኔ ስምንት የምለውን እሷ አሥር ማለቷ የግድ ነው። አምስት ጣት እኩል አይደለም ይባል የለ፤ የሁለት ሰው ጣትማ እንዴት እኩል ይሆናል?

ከዚያ የቀረው ሁሉ በአንዴ ገባኝ። አቶ አማካይ ስምንት ጣት የሆነው በእኔ ጣት ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን የለካሁ እኔ ነኝ። እሷ በራሷ ቀጭን ጣት አሥር ብላ ቆጥራ የእኔን ወፍራም ስምንት ስትቀንስ፣ ምንም የማይበልጠው ሰው በሁለት ይበልጣል። የቀኙ ክፍል በሽተኛ ሁሉ ከልኩ በላይ የባሰበት ይመስላል፤ የግራው ክፍል ደህና ይመስላል። ማሽኑ አላወቀም። ዶክተሩ አላወቀም። ሂሳብ በልቧ የምትሠራዋ አላወቀችም። እኔ አወቅሁ።

እንዲያ የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም። ወዲያው ሮጬ ልነግራት ሁለት እርምጃ ሄድኩና ቆምኩ። ብነግራት ምን ይሆናል? «እውነትዎን ነው ጋሽ አምባው» ብላ በእስክሪብቶ ታስተካክለዋለች፤ ሃያ ሦስት ሲደርስ ለዶክተሩ የምትነግረው እሷ ናት። የእሷ ግኝት ይሆናል። ዶክተሩ እስኪመጣ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው። ዋርካው ሥር፣ በሳቁብኝ ሰዎች ፊት፣ እጄን ከእጇ ጎን ዘርግቼ አሳያቸዋለሁ። ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል አልኩና ዋጥኩት። መኪናዋም ብትሆን ከዶክተሩ በፊት አትመጣም ብዬ አሰብኩ።

መጣች። ኅዳር አሥራ አራት ጠዋት አጀቡ ሳይጠበቅ ወደ መተማ አልፎ፣ ዓሊ ደጃችን ላይ ጡሩንባ ነፋ። «ወታደሮቹ አሁን ይመለሳሉ፤ ግማሽ ሰዓት አለን» አለ። ባየሽ የዕለቱን ዝርዝር ይዛ ወጣች። ሦስቱ ከቀኙ ክፍል ናቸው፤ እነሱ በእኔ ጣትም ቢሆን የባሰባቸው ነበሩ፣ መሄዳቸው ልክ ነው። አራተኛው ፈረደ፣ አሥር ጣት። አምስተኛው ሸጋው፣ ዘጠኝ ጣት።

አራተኛው ቦታ የሸጋው እንደነበር እኔ አውቃለሁ። በአንድ እጅ ቢለኩ ሸጋው ዘጠኝ ነው፣ ፈረደ ስምንት። በሌላው ሁሉ እኩል ናቸው። የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ እሱም እውነት ነው። ባየሽ ዝርዝሩን እንደያዘች ዓሊ «የኮምፒውተሯ ልጅ፣ ቶሎ በይ» አላት፣ እሷም ሳቀች፣ አፌ ተዘጋ።

ፈረደን ደግፈው ሲያስገቡት ሸጋው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ በበሩ በኩል ያይ ነበር።

«እኔሳ ሐኪም?» አለኝ።

«አንተ ደህና ነህ። ወረቀቱ ደህና ነው ይላል።»

«ወረቀቱ ካለማ ይሁን» አለ። «እሱም ባልንጀራዬ ነው፤ ይሂድ።»

ኅዳር አሥራ ሰባት ነስር ጀመረው። ሰው ሁሉ ነስር ያያል፤ የካላዛር ነስር ግን አይቆምም። ጥጥ አጨቅሁ፣ ቀዝቃዛ ውኃ በግንባሩ አፈሰስኩ፣ ባየሽ ጭንቅላቱን ይዛ አፉን ስታጥብለት ዋለች። የሚያስፈልገው ደም ነበር፤ ደሙ ያለው ጎንደር ነው። ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ከቀትር በኋላ ሞተ። መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ወንድ፣ ሃያ አምስት ዓመት፣ ዘጠኝ ጣት፣ በአሥራ አራተኛው ቀን።

ጎንደር ቢሄድም ሊሞት ይችል ነበር። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ከመቶ ስንት እንደነበርም አስልቼዋለሁ፤ አሁን መቀነስ አውቃለሁ። ሰማንያ ግድም ይመጣል። ግን ማሽኑ ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር የለም።

ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ ከእኔ ጋር ይቀበር ነበር። ግን ሁለት ነገር አልለቅ አለኝ። አንደኛው፣ የቀኙ ክፍል አሁንም በቀጭን ጣት እየተለካ ነው፤ ሌላ ሸጋው ይመጣል። ሁለተኛው፣ ልዋሻችሁ አልችልም፣ ያቺ የዋርካው ሥር ቀን አሁንም ታምረኝ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ቅናትም ከእነሱ አይተናነስም።

ሃያ ሦስት ዶክተሩ መጣ። ሰው ተሰበሰበ። እጄን ዘረጋሁ፣ ባየሽንም ዘርጊ አልኳት፣ ጎን ለጎን አደረግናቸው። አስረዳሁ። አቶ አማካይ በእኔ ጣት የተሠራ ሰው ነው፤ በእሷ ጣት የተለካ ሰው ከእሱ ጋር ሊነጻጸር አይችልም አልኩ። ዶክተሩ የእኔን ጣት ከእሷ ጣት ጋር እያጋጠመ ለካ። ከዚያ ትከሻዬን ያዘ።

«አምባው፣ ይህን እኔም አላየሁትም፣ ውጭ ያሉት አስተማሪዎቼም አላዩትም» አለ። ጥበቃው አጨበጨበ። ዓሊ «አላልኳችሁም?» አለ፣ ከዚያ በፊት ምንም ያላለው ሰውዬ። እንዳሰብኩት ሆነ። አንድም ነገር አልጎደለበትም።

ባየሽ እጇን ሰበሰበች። «እንግዲያስ የላክናቸውን ሁሉ እንደገና ላስላ» ብላ ካርዶቹን አመጣች። በሽተኛ ሲላክ አብሮት የሚሄደው የሪፈር ወረቀት ብቻ ነው፤ ካርዱ እኛ ዘንድ ይቀራል። የሦስቱን አየች፣ ልክ ነው አለች። የፈረደን አነሣች። ገለበጠችው። ጣቷን በእርሳሱ ጽሕፈት ላይ አደረገች።

«ጋሽ አምባው፣ ይህ የአንቱ ጽሕፈት ነው?»

ኅዳር 11፣ ጣፊያ 8።

ዶክተሩ መኪናው ዘንድ ከዓሊ ጋር ያወራል፤ አልሰማም። እሷና እኔ ብቻ ነን። ቀኖቹን ስትቆጥር አየኋት። ሂሳብ በልቧ ትሠራለች ብያችኋለሁ። ከአሥራ አራት አሥራ አንድ ሲነሣ ሦስት።

«ነው» አልኩ።

ካርዱን ለዶክተሩ ታሳየዋለች ብዬ ስጠብቅ ከሸጋው ካርድ ጋር አንድ ላይ በስፒል አያይዛ ወደ ሣጥኑ መለሰችው። ለማንም አልተናገረችም፤ እኔም እስከ ዛሬ ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

ዶክተሩ ከመሄዱ በፊት ሽመል አስቆርጦ፣ የእኔን ጣት እያስደገፈ በቢላዋ ሃያ መስመር አስቀረጸበት። አንዱ መስመር አንድ የእኔ ጣት ነው። ከእንግዲህ ማንም ይለካ ማንም በዚህ ይለካል፣ ስሙም አምባው ይባላል አለ። ሥራው በየወረዳው ሲዳረስ ሽመሉም አብሮ ተዳረሰ። ገለጉ ላይ እንኳ በአምባው ይለካሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ስሜ ወረቀቱ ላይ የለም ብዬ አልነበር ያኮረፍኩት?

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብረን ሠራን። አሠራራችን አንድ ነበር፤ እሷ ሽመሉን ከጎድን አጥንት ሥር አስደግፋ ቁጥሩን ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ስድስት አምባው። አሥር አምባው። ሰባት አምባው። ዘጠኝ ሲሆን ግን ወዲያው አትጠራውም። መጀመሪያ ቀና ብላ ታየኛለች፣ ከዚያ ትጠራዋለች፣ እኔም እጽፈዋለሁ።